ቧንቧ አይወፍርም

ኅዳር 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ
ከጓሮው በር አጠገብ

ለእሜትዬ፣ ለአንድ ልጄ፦

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የምከስሰው የለኝም። እሜትዬ ስልሽ ዛሬም ፊትሽን እንደምታጨማድጂ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ በአምስት ዓመትሽ ሁለት እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ እኔንና እናትሽን በጓሮው ስታዝዢን የወጣልሽ ስም ነው፤ አሁን ስለ ዛፍ ተምረሽ ዶክተር ልትሆኚ ነው ተብሎ አይቀየርም።

ስልክ መደወሉን ትቼዋለሁ። እንደማታነሺ ከገባኝ ቆየ። ደብዳቤ ግን ይሻላል ብዬ ነው፤ ሰው ቢናደድም የተከፈተ ወረቀት ዓይኑ ስር ካለ ማንበቡ አይቀርም። ካነበብሽው ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምነግርሽ ነገር መጨረሻው ላይ ነው ያለው።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። የእናትሽን ሞት የነገርኩሽ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሽኝ፤ ስትታመም ለምን አልነገርከኝም አልሽ። እኔም እሷ ናት አትንገሯት ያለችው፣ ፈተናሽን እንዳያበላሽብሽ ብላ ነው አልኩሽ። ትንፋሽሽ ይሰማኝ ነበር፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እንደተዘጋ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በዚያ ጉዳይ ነው። በቀጥታ ልገባበት ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ስለዚህ በብርቱካኗ በኩል ዞሬ ልምጣ። እሷም ብትሆን የምትመለከትሽ ነገር ናት። ልትሞት ተቃርባለች፣ ለዚህ ያበቃኋትም እኔ ነኝ።

መቼም ብርቱካኗን አልረሳሻትም። አንቺና እናትሽ ከእትዬ ችግኝ ገዝታችሁ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የተከላችኋት ናት። እትዬ ችግኝም አሉ፤ እዚያው መንገዱ ጥግ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሳና በጥቁር ላስቲክ ችግኝ ደርድረው። አንቺ በልጅነትሽ ያወጣሽላቸው ስም አልለቅ ብሏቸው ሰፈሩ ሁሉ በሱ ነው የሚጠራቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን እኔም አላውቀው።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ነፋስ የበዛበት ወቅት መጣና ብርቱካኗ ወደ አጥሩ ዘመመች። ይህችም ከወደቀች በመስኮቱ ምን አያለሁ ብዬ ፈራሁ። ወፍራም የብረት ቧንቧ ከአጠገቧ መሬት ውስጥ ተከልኩና ግንዷን ከብረቱ ጋር በቧንቧ ማሰሪያ አያያዝኩት። ማሰሪያውን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ግማሽ ክብ ብረት ሆኖ በሁለት ብሎን የሚጠብቀው ነው። ቅርፊቷን እንዳይልጠው ብዬ ከውስጥ ላስቲክ አለበስኩት። ያን ቀን በሥራዬ ኮራሁ፤ ቆሜ አየኋት፣ ቀጥ ብላለች። ከዚያ በኋላ በየወሩ መፍቻዬን ይዤ እየወጣሁ ብሎኑን ትንሽ ትንሽ ነካ አደርገው ነበር። የላላ ማሰሪያ ካየሁ ምግብ አይወርድልኝም፤ በቧንቧ ሥራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎች አላልተው በተዉት ማሰሪያ ስሰደብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማሰሪያው ደግሞ ሁልጊዜ እንደጠበቀ ነበር፤ ይህን እያየሁ ሥራዬ አይነቀነቅም እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ዛፏ እየወፈረች ነው የሚል ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም። ቧንቧ አይወፍርም።

ዘንድሮ ምን ሆነች መሰለሽ? እንዲህ ያለ ብርቱካን በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። ትልልቅ፣ ቆዳው የሳሳ፣ ሲልጡት ጣት ላይ እንደ ማር የሚጣበቅ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን አድርገህላት ነው ይለኛል። እኔም ምስጢር እንዳለው ሰው ፈገግ እያልኩ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። በከረጢት በከረጢት አደልኩ። ከግራ ጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሰላምታ የሚያሳጥረው ሰውዬ እንኳ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ብርቱካን አወራኝ። በመጨረሻ ስድስት መርጬ ለእትዬ ችግኝ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ችግኙን የሸጡልን እሳቸው ናቸውና ይመርቁኛል ብዬ ነው።

አንዱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላጡት። አንድ ክፋይ አፋቸው ውስጥ አስገቡ፣ ቀስ ብለው አኘኩ፣ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ተፉ። ሌላ ክፋይ አልደገሙም።

"ይሄ ጣፋጭነት ደስ አይልም" አሉኝ። "ዛፏን አሳየኝ።"

ተቀይሜ ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ እየተከተሉ መጡ። ቅጠሏን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ቀጥ ብለው ሄደው ከግንዷ ስር በርከክ አሉ። ማሰሪያውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉትና ወደኔ ዞሩ። ከማሰሪያው በላይ ግንዱ እንዳበጠ ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጦ ማሰሪያው ላይ ተኝቷል። ከማሰሪያው በታች ቀጥኗል። በየወሩ ብሎን ሳጠብቅ ዓይኔ ስር ሆኖ አላየሁትም።

"አንተ ቧንቧ" አሉኝ፣ እኔንም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው፣ "ሥሯን በረሃብ ልትፈጅላት ነው እኮ።"

እኔ ደግሞ ተከራከርኩ። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ፍሬው እንዲህ ነው፣ ውሃው ካልወጣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ አልኳቸው። ስለ ውሃ መቼም ከኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ መንገድ ላይ የለም። እሳቸውም እንደ ሕፃን አስቀምጠው አስረዱኝ። ሥር ውሃውንና በውሃው ውስጥ የሟሟውን የአፈር ጨው የሚልከው በመሃል ባለው እንጨት ውስጥ ነው፤ እሱን የኔ ማሰሪያ አልነካውም። ቅጠሉ በፀሐይ የሚያበስለው ስኳር ግን የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው፤ ከቅርፊቱ ስር ባለችው ስስ ልጥ። እሷን ነው ዙሪያዋን አንቄ የያዝኳት። አንቺ ሁለቱንም በየስማቸው እንደምታውቂያቸው እገምታለሁ፤ አንዱን ዛይለም ሌላውን ፍሎየም ስትዪ እሰማሽ ነበር፣ እኔ የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ስኳሩ ካልወረደ የት ገባ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በላኸው" አሉኝ።

መውረጃ ሲያጣ ጊዜ ወደ ፍሬው ነዋ የሄደው። ለጎረቤት በከረጢት ሳድለው የከረምኩት የሥሯን ራት ኖሯል። ሥር ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፣ ለራሱ ምንም አያበስልም አሉኝ። ውሃ እየላከ ከላይ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ሲቀርበት ያጠራቀመውን እየበላ፣ ውሃውን እንደ ወትሮው እየላከ ይቆያል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ምንም አያውቅም፣ እንዲያውም ያምርበታል። ያጠራቀመው ሲያልቅ ነው ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ የሚቆመው። ያኔ ሰው ዛፌ ድንገት ሞተችብኝ እያለ ወደኔ ይመጣል፣ ድንገት የሚባል ነገር ግን የለም አሉኝ እጃቸውን እያራገፉ።

ያን ሲሉኝ የሰኞው ስልክሽ ትዝ አለኝ። ፈተናውን ጨርሰሽ የደወልሽው። ድምፅሽ እየዘለለ ነበር። በጣም ጥሩ ሠራሁ፣ እናቴን አቅርብልኝ አልሽኝ። ተኝታለች አልኩሽ። ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር። ውጤቱ ሲመጣም ከሁሉም አንደኛ ሆንሽ፤ እኔም ወረቀቱን ለሰው እያሳየሁ፣ በልቤ ይኸው ደግ አደረግኩ እል ነበር። እንዴት አድርጌ እንደዚያ እንዳልኩ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ማሰሪያውን ያን ዕለት ፈታሁት። ብሎኑ ዝጎ ነበርና በዘይት አለሳልሼ ነው። ላስቲኩን ሳነሳው ቅርፊቷ አብሮ ተነሳ፤ ከስሩ ሁለት ጣት የሚያህል ቀለበት፣ ደርቆ እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ዙሪያውን ተገኘ። እትዬ ችግኝ የሚደረግ ነገር አለ አሉ። ግን ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚላቀቅበት ጊዜ እስኪመጣ፣ አዲስ ቀንበጥ እስክታወጣ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ አሉኝ። እስከዚያ ምንም አትንካ ብለው ዱላቸውን እያወዛወዙ አስጠነቀቁኝ፤ እጄን ሳያውቁት አይቀሩም።

ምንም ሳልነካ ሁለት ሳምንት መቀመጥ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ያንቺን ነገር ልሞክረው ተነሳሁ። የፓምፑን ነገር ማለቴ ነው። ለዕረፍት መጥተሽ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ለምሳ ቤት ተሰብስበው፣ አንቺ ዛፍ ውሃን ያለ ፓምፕ ከሥር እስከ ጫፍ ያወጣል ብለሽ ስትናገሪ እኔ ፓምፑ የት ነው ብዬ የሳቅኩብሽን። ሁሉም ሳቁ። አይጎተትም እንዴ፣ መገፋት ብቻ ነው እንዴ ያለው ብለሽ ነበር፤ ማንም አልሰማሽም። ሳህንሽን ይዘሽ ተነሳሽ፣ እናትሽ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ፓምፑ የት ነው እያልን እንስቅ ነበር። ቀልዱ ከማን እንደመጣ ግን አንነግርም።

እና ግንበኞች ግድግዳ የሚያስተካክሉበትን፣ ውሃ የሚሞላውን መስታወት የመሰለ ጎማ አመጣሁ። ከብርቱካኗ ጫፍ ሳይሆን ከአጥሩ ጥግ ካለው ቁጥቋጦ ቅጠል የበዛበት አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። አየር እንዳይገባ ባልዲ ውስጥ፣ ውሃው ስር እንዳለ፣ ቅርንጫፉን ከጎማው ጫፍ ጋር ገጣጠምኩና በትንሽ ማሰሪያ አሰርኩት፤ ይህችኛዋን እንኳ ብዙ አላጠበቅኳትም። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በሌላው ጫፍ ትንሽ ኳስ የመሰለች አንዲት የአየር አረፋ አስገባሁ። ከአጠገቧ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ቅጠሉ ላይ ስታርፍ ኳሷ መሄድ ጀመረች። ልጄ ሙቺ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳይገፋት፣ እንደ ጉንዳን እየዳኸች ወደ ቅጠሉ ሄደች። ደመና መጣ፣ ቆመች። ደመናው አለፈ፣ ሄደች። ነፋስ ቅጠሉን ሲያራግበው ጊዜ ደግሞ እንደ ቸኮለ ሰው ፈጠነች። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እሷን ሳይ ዋልኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ አንድ ዝንብ ማስመሪያው ላይ ተኝቶ አብሮኝ አየ። ከዚያ በፊት ሰላሳ ምናምን ዓመት ውሃን የማውቀው በግፊት ነበር፤ ከኋላ ይገፋል፣ ከፊት ይወጣል። ይሄኛው ግን ከፊት ነው የሚጠራው። ቅጠሉ በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ለሰማይ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል፣ የሰጠውን ያህል ውሃው እርስ በርሱ እንደ ክር ተያይዞ ከታች ይመጣለታል። ፓምፕ የለም። ልክ ነበርሽ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው ስድስት የቧንቧ ሠራተኞች ሁላችንም አላወቅንም ነበር፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያወቅሽው።

በማግስቱ ማዳመጫዬን አወጣሁ። ከተማው ሳይነሳ በማለዳ አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ የማዳምጥባት የብረት ዘንግ ናት። ጡረታ ስወጣ አልመለስኳትም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ጫፏን ግንዱ ላይ አሳረፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ቀጥሎ ቅጠሎቹ ሲተሻሹ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሩቅ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል ጣራ ላይ እንደሚሰማው ያለ ነገር። የውሃው ክር ሲበጠስ ድምፅ አለው፣ ግን የሰው ጆሮ አይሰማውም ብለሽኝ ነበር አንዴ። ስለዚህ እሱ አይደለም የሰማሁት። ቢሆንም ዘንጓን አላነሳሁም። ከፀጉር የቀጠኑ ስንት ሺህ ቧንቧዎች ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ መጋጠሚያ የሌላቸው፣ ጫጫታ የሌላቸው፣ ሁሉም ወደ ብርሃን የሚሄዱ። እዚያው ቆሜ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አልቀረም። እናትሽ በመስኮቱ በኩል ውሃው መጣ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ሰማሁና መጣ ብዬ ጮክ ብዬ መለስኩላት። ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ አየኝና ተመለሰ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ችግኝ ስለታም ቢላዋ፣ ጥቃቅን ምስማርና ሰም ይዘው መጡ። ሥራው እንዲህ ነው። ከራሷ ከዛፏ ጫፍ እርሳስ የሚያህሉ ቀንበጦች ይቆረጣሉ። ከቁስሉ በታችና ከቁስሉ በላይ ልጡ ተሰንጥቆ በቀስታ ይነሳል፣ የቀንበጡ ሁለት ጫፍ እዚያ ስር ይገባል፣ በምስማር ይያዝና በሰም ይሸፈናል። ቀንበጡ ከያዘ በቁስሉ ላይ ድልድይ ሆኖ ስኳሩ በሱ ይወርዳል። አራት ቀንበጥ ቆረጥን፤ ሁለቱን እሳቸው፣ ሁለቱን እኔ እንድንሠራ ተስማማን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቢላዋው ልጡ ላይ ሲደርስ ግን ይረጋል። እኔም በእልህ ሠራሁ፤ የኔዎቹ ከሳቸው ይልቅ ቀጥ ያሉ ነበሩ፣ ሰሙም የተስተካከለ ነበር። ሠርቼ ስጨርስ እትዬ ችግኝ ጠጋ ብለው አዩና አንደኛውን በጣታቸው አመለከቱኝ።

ዘቅዝቄ አስገብቼዋለሁ። ቀንበጥ ራስና እግር አለው፤ በበቀለበት አቅጣጫ ካልገባ አይሠራም። እኔ ምን አውቄ፣ ቧንቧን በየትኛውም ጫፍ ብትገጥሚው ያው ቧንቧ ነው። ነቅዬ ልመልሰው ስል ተው፣ ያቆሰልከው ይበቃል አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አርባ ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ዛሬ ጠዋት መጥተው ሰሙን ከፈቱት። ውጤቱን ሳላሳምር ልንገርሽ። የተዘቀዘቀው ደርቋል። ሁለተኛዬም ደርቋል፣ እሱ ግን በትክክል የገባ ነበር፤ ይዟል አልያዘም እያልኩ በየጠዋቱ በጣቴ ስነካው ነው ያላቀቅኩት። ከእትዬ ችግኝ ሁለቱ አንዱ ገና አልለየለትም፣ አረንጓዴም ቡናማም አይደለም። አንዱ ይዟል። ወፍሯል፣ ቆዳው ተወጥሯል፣ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ስሩ እርጥብ ነው። ትተርፋለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሥሯ ስንቅ ካላለቀበት ትተርፋለች፣ እሱን ደግሞ ታች ያለው ነው የሚያውቀው ብለው ቢላዋቸውን ጠራርገው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ይህን ወረቀት አወጣሁ። የብርቱካኗ ወሬ እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሦስቱን ወረቀት ያስቀደደኝን ነው።

እናትሽ አትንገሯት አላለችም። እሱን ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ከራሴ አውጥቼ።

ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት፣ ልጅቷን ደውልልኝ አለች። ፈተና ላይ ናት አልኳት። ማክሰኞ ደግሞ ፈተናው መቼ ነው የሚያልቀው ብላ ጠየቀችኝ። አርብ አልኳት፤ በጣቶቿ ቆጠረች፣ ሦስት አሉ አለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትራስ ደርቤ ቀና አድርጌያት ሳለ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርግልኝ አለች። ድምፅሽን ብቻ ልትሰማ ነበር። እኔ አላወራም፣ አላስደነግጣትም፣ አንተ አዋራት እኔ ልስማት አለችኝ።

ስልኩን አውጥቼ የምደውል መስዬ ያዝኩትና ኔትወርክ የለም አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ስንቱን የተዘጋ ከፍተህ የለ?" አለችኝ። "በል ይሄንንም ክፈትልኝ።" እየቀለደች ነበር፤ በዚያ ሁኔታዋ እንኳ ልታስቀኝ ነበር የምትሞክረው። ጓሮ ወጣሁ። በመስኮቱ እያየችኝ ስለነበር ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አደረግኩት፣ ወደ አጥሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ስልኩ ይሠራ ነበር። ከዚያ ገብቼ አልሆነም አልኳት።

"ሞከርክ፣ ይበቃል" አለችኝና እጄን ያዘችው። በማግስቱ ጠዋት ሄደች። አርብን አላየችውም።

ፈተናሽን አሳብቤ ነበር እንጂ ስለ ፈተናሽ አልነበረም። ድምፅሽን ከሰማች ልትሞት መሆኑን ታምናለች ብዬ ፈራሁ። እኔም አምናለሁ ብዬ ፈራሁ። በኋላ አንቺ ለምን ስትዪኝ ደግሞ አንቺን ፈራሁና የሞተ ሰው አይመልስም ብዬ በእሷ ላይ አላከክሁት። እናቴ ልታየኝ አልፈለገችም እያልሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖረሽ ከሆነ፣ እሱን ያኖርኩብሽ እኔ ነኝ። ፈልጋሻለች፣ እሜትዬ። ቀን ቆጥራልሻለች።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ይህን አንብበሽ ወዲያው ይቅር ብትዪኝ እኔም አላምንሽም። ብቻ የሚሰማሽን ላኪልኝ። ቁጣም ከሆነ ቁጣውን፣ ስድብም ከሆነ ስድቡን፣ ሦስት መስመርም ይሁን። እንዳታጣፍጪው። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የመጣውን እቀበላለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። ባለሽበት ብርድ አይድፈርሽ፣ ሰው አይክፋብሽ። እናትሽ አፏ ላይ ይዛው የቀረችው ምርቃት ሁሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይድረስሽ።

ቃሏን ያስቀረሁብሽ
አባትሽ